የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ

አባቴን በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደዋሸኋቸው ቆጥሬ አላውቅም። ልጅ አባቱን የማይዋሽበት ቤት ካለ እሰየው። ከሁሉም ውሸቶቼ መካከል ግን እስከ ዛሬ ልቅም አድርጌ የማስታውሰው አንዱን ነው፤ ውሸቱ ራሱ ቁጥር ነበርና። «ስንት ገዛኸው?» ብለው ሲጠይቁኝ «30 ብር» አልኳቸው። የገዛሁት በ260 ብር ነበር። የተገዛው ዕቃ ደግሞ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ፣ ገላው ቆርቆሮ የሆነ፣ የመጫወቻ ባቡር የመንገደኛ ፉርጎ ነው።

ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው። የመምህርነት ደመወዜ ተቆራርጦ እጄ ላይ ሲደርስ 500 ብር አይሞላም ነበር። እንግዲህ አንባቢ ራሱ ያስላው፤ ከደመወዝ እኩሌታ በላይ ለአንድ ፉርጎ! ያውም ለሚጎትተው ሳይሆን ለሚጎተተው። እብደት ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልቀየመውም። ባለቤቴ ያኔ ሰምታ ቢሆን ኖሮ ከዚያ የከፋ ቃል ነበር የምታወጣው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ቤታችን አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። አባባ የምድር ባቡር ሰው ናቸው፤ በባቡር ሠራተኞች አነጋገር «ሸሚኖ»። ድሬዳዋ በሚገኘው ትልቁ የምድር ባቡር ጋራዥ (እሳቸው በፈረንሳይኛው «አቴሊዬ» ነው የሚሉት) በአናጢነት ጀመሩ፤ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። ሥራቸው ፉርጎ መጠገን ነው። ጠዋት ከፒያሳ ተነስተው በማዘጋጃ ቤቱ በኩል የቸርችልን ጎዳና ቁልቁል ይወርዱታል፤ ማታ ሽቅብ ይወጡታል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ወደታች ሲመለከት፣ ጎዳናው ቀጥ ብሎ ወርዶ ለገሀር ላይ ሲያበቃ ይታየዋል። አባባ ታዲያ «ሥራ ቦታዬ ከደጄ ይታየኛል» እያሉ ይኩራሩ ነበር። ከደጃችን የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ መሆኑን የሚነግራቸው ደፋር አልተገኘም።

ፉርጎ የምንለው ቃል ከፈረንጅ የመጣ ነው። ፈረንሳዮቹ በዚህ ስም የሚጠሩት የዕቃ መጫኛውን ነው። እኛ ሰውንም፣ በሬውንም፣ ጨውንም የሚጭነውን ሁሉ ፉርጎ ብለን ገላገልነው። አባባ ግን «የሰው ፉርጎ» እና «የዕቃ ፉርጎ» እያሉ ለይተው ነበር የሚናገሩት። ከሰው ፉርጎ ውስጥም የሚወዱት ሦስተኛ ማዕረጉን ነው፤ የእንጨት አግዳሚ የተደረደረበትን። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «የሚሰበረው እሱ ነዋ!» ይሉኛል። አንደኛ ማዕረግ ላይ የሚሄደው ሰው እግሩን አነባብሮ ጋዜጣውን ሲያነብ ይደርሳል። ሦስተኛው ላይ ያለው ከነዶሮው፣ ከነማዳበሪያው፣ ከነልጆቹ ነው። በዚያ ላይ የኮንትሮባንድ ነገር አለ። ከድሬዳዋ የሚመጡት ነጋዴዎች የግድግዳውን ጣውላ እያነሱ ከኋላው ጨርቅ ይሸጉጣሉ፤ ባቡሩ ለገሀር ሲገባ መንገደኛው ይወርዳል፣ ጨርቁም ይወርዳል፣ ጣውላው ተገንጥሎ ይቀራል። መልሶ የሚመታው አባባ ናቸው። «የስንቱ ሰው ሱሪ በእኔ መዶሻ ሥር አልፏል» ይሉ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ እናቴ በ1987 ዓ.ም. አረፈች። ከዚያ ወዲያ አባባ ከቤት መውጣት ተዉ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከቅርብ፣ ጊዮርጊስ፣ በግድ ነበር የሚሄዱት። የመሣሪያ ሳጥናቸው አልጋ ሥር ገባ። እኔም አባት እየሞቱ መሆናቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሐኪም ያላገኘው በሽታ።

ሱቁ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ብዙም አይርቅም። ሰዓት ይጠግናል፣ አሮጌ ካሜራ ይሸጣል፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንጆች የሚተዉትን ኮተት ሁሉ ይሰበስባል። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ባለሱቁም ዛሬ በሕይወት የሉም። አንድ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ውስጥ ክብ ሐዲድ ተዘርግቶ አየሁ። በላዩ አንዲት ትንሽ ባቡር ሁለት የመንገደኛ ፉርጎ አስከትላ ቆማለች። ከእነሱ ራቅ ብሎ፣ ለብቻው ጨርቅ ተነጥፎለት፣ አንድ አረንጓዴ ፉርጎ ተቀምጧል።

ገብቼ ዋጋ ጠየቅሁ። ባቡሯ፣ ሁለቱ ፉርጎዎች፣ ሐዲዱና ትራንስፎርመሩ አንድ ላይ 190 ብር። አረንጓዴው ብቻውን 260።

«ተሳስተው እንዳይሆን?» አልኳቸው።

«አልተሳሳትኩም፣ ልጄ። ያ ጣልያን ነው፤ ይኼ ጀርመን ነው።»

ፒያሳ ያደገ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። ሰዓትም፣ ጫማም፣ የልብስ ስፌት መኪናም እንዲህ ነበር የሚሸጠው። አገሩ ከተነገረ በኋላ ዋጋ መከራከር ነውር ይመስል ነበር። እኔ ግን አስተማሪ ነኝና አላመንኩም። ሦስት ቀን እየተመላለስኩ ሁለቱን አገሮች አወዳደርኩ።

ጣልያኖቹ ፕላስቲክ ናቸው። ሲያነሷቸው እንደ ባዶ የክብሪት ቀፎ ይቀላሉ፤ ጎማቸውም ያው ፕላስቲክ ነው። ነገር ግን የበሩ እጀታ፣ የመስኮቱ ክፈፍ፣ የጣራው መተንፈሻ ሁሉ ከገላቸው ጋር አብሮ ተቀርጾ የወጣ ነው። ጥፍር ሲያሳልፉበት ይሰማል። ጀርመኑ የዚህ ተቃራኒ ነው። ገላው ቆርቆሮ፣ ጎማው ብረት፣ ክብደቱ እጅ የሚሞላ። በጣት ነካ ቢያደርጉት የጠረጴዛውን ርዝመት ያለ ድምፅ ይሄዳል። ግን እጀታውና ክፈፉ ቅርጽ የለውም፤ በቀለም የታተመ ሥዕል ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጀርመኑ ያምራል፤ ከቅርብ ሲያዩት ጣልያኑ እውነት ይመስላል። ታዲያ 260 ብር የሚከፈለው ለየትኛው ርቀት ነው?

ርዝመቱም ሌላ ጉድ ነው። በአውሮፓ ሐዲድ ላይ የሚሄደው የተለመደው ረጅም የመንገደኛ ፉርጎ 26 ሜትር ከ40 ነው። መጫወቻው የሚሠራው 87 ጊዜ ተቀንሶ ስለሆነ ርዝመቱ 30 ሳንቲም ግድም ሊሆን ይገባዋል። ጀርመኑን በማስመሪያ ለካሁት፤ 24። ጣልያኖቹም አጥረዋል። ኋላ እንደተረዳሁት ይህ ስስት አይደለም። ሰው ቤቱ ውስጥ የሚዘረጋው ክብ ሐዲድ ጠባብ ስለሆነ፣ እውነተኛውን ርዝመት የያዘ ፉርጎ ሲታጠፍ ሆዱ ወደ ውስጥ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ሠሪዎቹ አንዳንዶቹን 28፣ ሌሎቹን 26 ከግማሽ ሳንቲም ግድም እያደረጉ ያሳጥሯቸዋል። ሰዉም እያወቀ ይገዛል።

የሠሪዎቹን ስም የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ጀርመኑ ሜርክሊን ነው፤ ጎፒንገን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1859 የተመሠረተ ድርጅት። ጣልያኑ ሊማ፣ የቪቼንዛ ሥራ። ሌላም ሪቫሮሲ የሚባል የኮሞ ጣልያን ነበረ፤ እሱ የውስጥ መቀመጫ ሳይቀር የሚያስገባ፣ ለዓይን ጥንቁቅ ሠሪ። የዋጋው ምሥጢር ግማሹ እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲክ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ አንዴ ከተሠራ በኋላ አንድ ሺህም መቶ ሺህም ይወጣበታል። ሊማ ለልጆች ብሎ ብዙ አመረተ፤ አረከሰም። ሜርክሊን አባት ለልጁ የሚያወርሰው ዕቃ ብሎ ሸጠ፤ ገዢውም አመነው። ሌላው ግማሽ ብረት ነው። ብረት ውድ ነው።

ለገና ሁለቱንም ገዛሁ። ሳጥኑን ለሰባት ዓመቱ ልጄ፣ ጀርመኑን ለአባባ። ለምን ርካሹን ለእሳቸውም አላካፈልኩም? ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነተኛ ፉርጎ ሲዳስሱ ለኖሩ እጆች ፕላስቲክ መስጠት ከበደኝ። ይኸው ነው።

አባባ ተቀበሉኝ። ላዩን አላዩትም። ገልብጠው «እስቲ እግሩን ልየው» አሉ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው አሽከረከሩ፤ ወደ ጆሮአቸውም አስጠጉ። «ጥሩ ነው። አይጮህም።» ከዚያም ያቺ ጥያቄ መጣች።

«ስንት ገዛኸው?»

«30 ብር።»

ትንሽ አዩኝ። «ርካሽ ነው» አሉ።

ለብዙ ወራት ያልተነካው የመሣሪያ ሳጥን ያን ዕለት ከአልጋ ሥር ወጣ። አባባ ካሊፐራቸውን አውጥተው የልጄን ሐዲድ ከብረት እስከ ብረት ለኩ። 16 ሚሊ ሜትር ተኩል። ልጄ የፉርጎውን ካርቶን አቀበላቸው። በጋዜጣ ጠርዝ ላይ በእርሳስ በ87 አባዙት። 1,435 ወጣ። እርሳሱን አስቀመጡና «የእኛ አይደለም» አሉ።

«እንዴት?» አልኳቸው።

«የእኛ ሐዲድ ድፍን አንድ ሜትር ነው። ይኼ አንድ ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። የፈረንጅ አገር ባቡር ነው። በእኛ መስመር አይሄድም።»

እውነታቸውን ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የ784 ኪሎ ሜትር መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። ጠበብ ያለ ሐዲድ ተራራ ሲታጠፍ ይመቻል፤ ወጪውም ያንሳል። ይህንን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ብዬ አላስብም ነበር፤ ለካ አንዱ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሌላ ጉድ ታየ። ጀርመኑን ከጣልያኗ ባቡር ጋር ቀጠልነውና ገና ሐዲዱ ላይ ሲያርፍ ባቡሯ ቀጥ አለች። ትራንስፎርመሩ ጋለ። ልጄ አለቀሰ። ያላዋቂ ሳሚ ማለት እኔ ነኝ፤ ሁለቱ የኤሌክትሪክ አመጣጣቸው እንደሚለያይ ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት። ለጣልያኗ ባቡር መብራቱ በግራ ሐዲድ ገብቶ በቀኝ ይመለሳል። የጀርመኖቹ መብራት የሚመጣው በሐዲዱ መሀል ከተደረደሩ ትንንሽ ብረቶች ስለሆነ፣ የፉርጎው ግራና ቀኝ ጎማ በብረት ቢገናኝ ለእነሱ ግድ የለም። ለእኛ ግን ግራና ቀኙን አገናኘብን። አባባ ይህን ሁሉ ከማንም አልተማሩም፤ ጎማውን ዓይተው «ግራና ቀኙ ይነጋገራል» አሉና ከአንደኛው ጣልያን ላይ የፕላስቲክ ጎማዎቹን ነቅለው፣ ትንሽ ሞርደው፣ ለጀርመኑ ገጠሙለት። ባቡሯ ሄደች። የ260 ብሩ ፉርጎ በርካሽ እግር መሄድ ጀመረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሆነውን የሰማሁት ቆይቼ ከባለሱቁ አፍ ነው። አባባ ጡረታቸውን ተቀብለው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ብቻቸውን ፒያሳ ወጡ። ሱቁን ጠይቀው ጠያይቀው አገኙት። 60 ብር ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እንደዚያ አረንጓዴው ያለ ሁለት ይስጡኝ፤ አንዱ ለልጅ ልጄ፣ አንዱ ለጎረቤት ልጅ» አሉ። ባለሱቁ ደንግጠው ትክክለኛውን ዋጋ ነገሯቸው። ይባስ ብለውም፣ ሊያስደስቷቸው ብለው ይመስለኛል፣ «ልጅዎ ሦስት ቀን ተመላልሶ ነው የገዛው፤ አንድ ብር እንኳ አልቀነስኩለትም» ብለው ጨመሩበት። አባባ አመስግነው፣ ብራቸውን ሰብስበው ወጡ።

ለእኔ ምንም አላሉኝም። እራት ላይ ጥቂት ቀምሰው ተነሱ። በማግስቱ ግን ልጄን ይዘው ኮምፔንሳቶ ፍለጋ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የእንጨት ብናኝ በብናኝ ሆነ። አባባ ያሰቡት እንዲህ ነው። «ሐዲዱን ማጥበብ አልችልም። ፉርጎውን ማሳደግ ግን እችላለሁ።» 16 ሚሊ ተኩሉ ሐዲድ አንድ ሜትር ነው ከተባለ፣ ነገሩ ሁሉ የሚቀነሰው 87 ጊዜ ሳይሆን 60 ጊዜ ገደማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 45 ሳንቲም የነበረው አግዳሚ ከወለሉ 7 ሚሊ ተኩል ከፍ ይላል። ሌላውን ልክ ሁሉ ከራሳቸው አወጡት፤ የበሩን ስፋት በትከሻቸው፣ የመስኮቱን ከፍታ በክንዳቸው እያስታወሱ፣ በ60 እያካፈሉ። ጣራው ከዱቄት ወተት ጣሳ ተቆርጦ ተቆለመመ። አግዳሚዎቹ በምላጭ ከተሰነጠቀ እንጨት አንድ በአንድ ተደረደሩ። ጎማ ከሁለተኛው ጣልያን ተነቀለ፤ ሁለቱ ጣልያኖች እግር አልባ ሆነው መደርደሪያ ላይ ቀሩ።

ሥራው የፋሲካ ሰሞን አለቀ። ሲያዩት ያስቃል። ከባቡሯ ጋር ሲቀጠል ጥጃ ዝሆን የምትጎትት ይመስላል። መጎተትም አልቻለችም፤ ጎማዋ ባለበት ይሽከረከራል። አባባ «ዳገት ላይ ሁለት ባቡር ነበር የምንቀጥለው፤ አንተ ሁለተኛው ባቡር ነህ» ብለው ልጄን በጣቱ እንዲገፋ አዘዙት። ገላው አይብረቀረቅም፣ ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ወዝቷል። ግን በመስኮቱ ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ሦስተኛ ማዕረግ ነው፤ ሰው ገና ያልገባበት፣ ጠዋት። ከግድግዳው ጣውላዎች አንዷ ትነሳለች። ከኋላዋ የጥፍር ያህል ቀይ ጨርቅ ተሸጉጣለች። ልጄ ምን እንደሆነች ሲጠይቃቸው «ዝም በል፣ ኮንትሮባንድ ናት» አሉት።

እኔን ደግሞ ማታ ጠርተው አንድ የደብተር ቅጠል ሰጡኝ። በእርሳስ፣ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፋቸው፤ ኮምፔንሳቶ 4 ብር፣ ኮላ 3 ብር፣ ብርጭቆ ወረቀት 1 ብር ከ50፣ ቀለም 6 ብር፣ ጣሳ የቤት፣ ጎማ ከጣልያን የተወሰደ። ድምር 14 ብር ከ50 ሳንቲም። ከሥሩ «የሥራ ቀን 41» ይልና ዋጋ አልተጻፈበትም።

«ዋጋው ይኸው ነው» አሉኝ። «እኔ አልደበቅሁህም።»

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በእጃቸው መለሱኝ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እኔ ምን ሆንኩ? ፉርጎ አገኘሁ። የተራበችው ባለቤትህ ናት፤ ለእሷ ንገራት።»

በዚያው ሌሊት ነገርኳት። የመለሰችልኝ ለመጽሔት የሚሆን አይደለም።

አባባ በ1994 ዓ.ም. አረፉ። ከአዲስ አበባ የሚነሳውም ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ፤ ይህን አለማየታቸው አንድ ነገር ነው። ሠሪዎቹም አልቀናቸውም። ሊማና ሪቫሮሲ ከስረው እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዙ ሆርንቢ እጅ ገቡ። ሜርክሊንም በ2009 ለአበዳሪዎቹ መክፈል አቅቶት ነበር፤ በ2013 ሌላ የመጫወቻ አምራች ቤተሰብ ገዝቶት ዳነ። የልጄ ነገር ሆኖ ጀርመን አገር ነው የሚኖረው። እንደሚነግረኝ አዲስ የመንገደኛ ፉርጎ ዛሬ 70 ዩሮና ከዚያ በላይ ይጠየቅበታል፤ ርዝመቱ ሙሉ፣ ውስጡ መብራት ያለው። የእኛ ዓይነቱ አሮጌ ቆርቆሮ ግን በየአሮጌ ዕቃ ገበያው ሞልቷል፤ በ15 ዩሮ የሚወስደው ከተገኘ ጥሩ ነው አለኝ። ግማሽ ደመወዜን አስታወስኩ።

አንድ ነገር ግን አባባ ቢሰሙት እወድ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቀላሉ ባቡር ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ ሲደርስ፣ በ2009 ደግሞ አዲሱ የጅቡቲ መስመር ሲመረቅ ስፋቱን ጠየቅሁ። ሁለቱም 1,435 ሚሊ ሜትር ናቸው። «የእኛ አይደለም» የተባለው ጀርመን የእኛ ሆነ፤ አባባ በ41 ቀን ያስተካከሉት የእነሱ ፉርጎ ደግሞ የሚሄድበት ሐዲድ አጣ። ቀላሉ ባቡር ውስጥ ማዕረግ የለም። ስሳፈርበት የገረመኝ እሱ ነው፤ ሁሉም ሦስተኛ ነው፣ ወይም ሁሉም አንደኛ።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም አልቀረ። ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ስንጭን አራቱን ፉርጎዎች በአንድ የጫማ ካርቶን አድርጌ ጭኔ ላይ ያዝኳቸው። ጀርመኑ፣ የአባባ፣ እና ሁለቱ እግር አልባዎች። ኮንዶሚኒየሙ ቤት ገብተን ስደረድራቸው ፎቶ አንስቼ ለልጄ ላክሁለት። «ጣልያኖቹ እስካሁን እንደዚሁ ናቸው?» አለኝ። ከወር በኋላ ሰው ይዞልኝ በመጣ ትንሽ ፖስታ ስምንት ጥንድ ጎማ ላከ፤ ብረት፣ ግራና ቀኙ የማይነጋገር።

ስልክ ደወልኩለትና «ስንት ገዛኸው?» አልኩት።

«ኧረ ምንም አይደል አባዬ፣ 3 ዩሮ ነው።»

አንዱን ጥንድ አነሳሁና በአውራ ጣቴ አሽከረከርኩት፤ ወደ ጆሮዬም አስጠጋሁት። አይጮህም።

«ርካሽ ነው» አልኩት።